በሴቶች ባድሚንተን ከተቀናቃኝ በላይ የሚያስፈራው ጉልበት ነው

በኦሊምፒክ የሴቶች ነጠላ ባድሚንተን የነሐስ ሜዳሊያ ነገር ይገርማል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2012 ለንደን ላይ ቻይናዊቷ ዋንግ ሺን የመጀመሪያውን ጌም 21 ለ 18 አሸንፋ ነበር (ግጥሚያውን የምታሸንፈው ከሦስት ጌም ሁለቱን የወሰደች ናት)። ሁለተኛው እንደተጀመረ ጉልበቷ ከዳት፤ ጨዋታውን አቋረጠች። ነሐሱን የህንዷ ሳይና ኔህዋል ወሰደች። በ2016 ሪዮ ላይ የለንደኗ ሻምፒዮን ሊ ሹዌሩይ በግማሽ ፍጻሜው ጉልበቷን ተጎዳች። ለነሐሱ ጨዋታ መቅረብ ስላልቻለች ጃፓናዊቷ ኖዞሚ ኦኩሃራ ሜዳሊያውን ሳትጫወት አገኘች። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ተረኛዋ ስፔናዊቷ ካሮሊና ማሪን ሆነች። እሷም ከግማሽ ፍጻሜው በጉልበቷ ምክንያት ወጣች፤ ነሐሱም የኢንዶኔዥያዋ ግሬጎሪያ ማሪስካ ቱንጁንግ ሆነ።

ከአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች በሦስቱ ነሐሱን የወሰነው ጉልበት ነው። በስርዓት ተጫውተው የተጨረሰው የቶኪዮው ብቻ ነው። እዚያ የህንዷ ፒ.ቪ. ሲንዱ የቻይናዋን ሄ ቢንግጂያዎን 21 ለ 13 እና 21 ለ 15 አሸንፋ ሜዳሊያዋን አንጠልጥላለች።

ስለ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ፉክክር ሲወራ መጀመሪያ የሚቆጠረው ማን ማንን ስንት ጊዜ ረታች የሚለው ነው። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ለክርክርም ይመቻል። ግን ብቻውን ያታልላል። ላለፉት አስር ዓመታት በዚህ ስፖርት አናት ላይ የተደረገውን ፉክክር ለመረዳት ማን ጤነኛ ሆና እንደገባችና ማን እያነከሰች እንደተጫወተች አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ አልቀመስ ያለችውን ደቡብ ኮሪያዊት አን ሴ ዮንግን በተመለከተ ደግሞ ይሄ የበለጠ እውነት ነው።

የአንን 2025 እንይ። 77 ግጥሚያ አደረገች፤ 73ቱን አሸነፈች። 11 ዋንጫ አነሳች። በአንድ የውድድር ዘመን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ተጫዋች ሆነች። ወንዶችን ጨምሮ ማለቴ ነው። የቻይናዋ ዋንግ ዢዪ በዚያው ዓመት የዓለም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሳለች። ከአን ጋር ስምንት ጊዜ ተገናኘች፤ ስምንቱንም ተሸነፈች። አንደኛዋና ሁለተኛዋ እንዲህ ከተራራቁ ፉክክር የሚባል ነገር አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም።

መልሱ ያለው በቀሩት አራት ሽንፈቶች ውስጥ ነው። ሁለቱን ያደረሰችባት ቼን ዩፌይ ናት፤ በሲንጋፖር ኦፕን ሩብ ፍጻሜና በዓለም ሻምፒዮናው ግማሽ ፍጻሜ። ሦስተኛውን በአገሯ በኮሪያ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ያሸከመቻት ጃፓናዊቷ አካኔ ያማጉቺ ናት። አራተኛው ሽንፈት ሆኖ የተመዘገበው በቻይና ኦፕን ከሃን ዩዌ ጋር ስትጫወት አቋርጣ የወጣችበት ነው። ምክንያቱ ጉልበቷ ነበር።

ይሄ ጉልበት ለምን እንዲህ ይሰበራል? ባድሚንተንን በግቢ ውስጥ ለመዝናናት የሚጫወቱት ሰዎች ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ኳሷ ከ16 ላባዎች የተሠራች፣ ክብደቷ 5 ግራም ገደማ የሆነች ነገር ናት። በነጠላ ጨዋታ አንዲት ተጫዋች የምትሸፍነው የሜዳው ግማሽ 6.7 ሜትር ርዝመትና 5.18 ሜትር ስፋት አለው። ትልቅ ሳሎን ያክላል። ችግሩ ያለው ኳሷ ፍጥነቷን የምትቀያይርበት መንገድ ላይ ነው። የማሌዥያዋ የጥንድ ተጫዋች ፐርሊ ታን በ2023 በተደረገ ፍተሻ በሰዓት 438 ኪሎ ሜትር የሚበር ስማሽ (ከላይ ወደ ታች በኃይል የሚመታ ምት) መትታ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። ያቺው ኳስ ግን ላባዋ አየሩን ስለሚይዝ ወዲያው ትቀዘቅዛለች። ስለዚህ ተጫዋቿ አንዴ ለመብረቅ ትዘጋጃለች፣ አንዴ ደግሞ መረቡን ታክካ የምትወርድ ለስላሳ ድሮፕ ለማንሳት ወደፊት ትወረወራለች። ሩጫው ራሱ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው መቆሙ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሄዶ በአንድ እግር ቀጥ ማለት፣ ከዚያ ወደኋላ መመለስ፣ ዘልሎ መትቶ በአንድ እግር ማረፍ።

የስፖርት ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት አንድ አደገኛ ቦታ አለ። ኳሷ ራኬት ከያዘው እጅ በተቃራኒ ወደሚገኘው የኋላ ጥግ ስትሄድ ተጫዋቿ ዘልላ ከራሷ በላይ ትመታታለች። ስታርፍ መላ ክብደቷ ራኬት ባልያዘችበት ጎን ባለው እግር ላይ ይወድቃል። የፊት የጉልበት ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። ጅማቱ አንዴ ከተበጠሰ ቀዶ ጥገና አለ፤ ከዚያ ብዙ ወራት የሚፈጅ ማገገሚያ ይከተላል።

በሴቶች ነጠላ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ስማሽ ብቻውን ነጥብ የሚጨርሰው አልፎ አልፎ ነው። ልውውጡ ይረዝማል። ትዕግሥተኛዋ ታሸንፋለች። ትዕግሥት ማለት ደግሞ በዚህ ስፖርት በጉልበት መክፈል ነው።

ማሪንና ሲንዱ

ማሪን የተወለደችው በ1993 በደቡብ ስፔን፣ ኡኤልቫ ውስጥ ነው። ባድሚንተን እዚያ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስፖርት አልነበረም። በ2014 ኮፐንሃገን ላይ ሊ ሹዌሩይን ረትታ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ብዙዎች የአጋጣሚ ነገር አድርገው አዩት። በዓመቱ ጃካርታ ላይ ሳይና ኔህዋልን አሸንፋ ደገመችው። ያኔ ወሬው ቆመ።

ግራኝ ናት። ፈጣን ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትጮሃለች። ነጥብ ባገኘች ቁጥር አዳራሹን በጩኸት ትሞላዋለች። አንዳንዱ ይሄን ይወድላታል፣ አንዳንዱ ይናደድባታል። ለኔ ግን ጩኸቱ የጨዋታዋ አካል ነው። ማሪን ለተቃራኒዋ ማሰቢያ ጊዜ መስጠት አትፈልግም። ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለውን ፋታ ሁሉ ራሷ ትይዘዋለች።

የሪዮው ፍጻሜ የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሲንዱ ያኔ 21 ዓመቷ ነበር፤ ቁመቷ 1.79 ሜትር፣ ወላጆቿ ሁለቱም የመረብ ኳስ ተጫዋቾች የነበሩ። የመጀመሪያውን ጌም 21 ለ 19 ወሰደች። ከዚያ ማሪን ፍጥነቱን ጨመረችው፤ 21 ለ 12 እና 21 ለ 15። ከእስያ ውጪ የመጣች ተጫዋች የኦሊምፒክ የሴቶች ነጠላ ወርቅ ስትወስድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው በናንጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ። ውጤቱ ያው ነው፤ ማሪን 21 ለ 19፣ 21 ለ 10። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ የነጠላ ሴት ተጫዋች ሆነች።

እስከዚህ ድረስ ሲንዱ በፍጻሜ የምትሰናከል ተብላ ተፈርጃ ነበር። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። በ2017 ግላስጎው ላይ በኦኩሃራ የተሸነፈችበት ፍጻሜ 110 ደቂቃ ፈጅቷል። ውጤቱ 19 ለ 21፣ 22 ለ 20፣ 20 ለ 22 ነበር። ሁለት ነጥብ ወዲህ ቢሆን ታሪኩ ሌላ ነው። አንድ የረጅምና የአጭር ተጫዋች ፍልሚያ ይታይ ከተባለ ያንን ግጥሚያ ፈልጋችሁ እዩ። ኦኩሃራ ከሲንዱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ታጥራለች፤ ግን ያላነሳችው ኳስ የለም። ሲንዱ ሂሳቡን ያወራረደችው በ2019 ባዝል ላይ ነው። ያችኑ ኦኩሃራን በፍጻሜ አግኝታ 21 ለ 7 እና 21 ለ 7 ደቆሰቻት። ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተጠናቀቀ። ህንድ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮኗን አገኘች።

ልብ በሉ፤ ባዝል ላይ ማሪን አልነበረችም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ በኢንዶኔዥያ ማስተርስ ፍጻሜ ኔህዋልን 10 ለ 4 እየመራች ሳለ ቀኝ ጉልበቷ ተበጠሰ። የሲንዱ ወርቅ በዚህ አይቀንስም፤ ፊቷ የቆመችውን ሁሉ ነው ያሸነፈችው። ነገር ግን የሁለቱ ፉክክር እኩል ሊሆን በተቃረበበት ሰዓት አንዷ ሆስፒታል ነበረች።

ማሪን በመስከረም 2019 ተመልሳ ቻይና ኦፕንን ወሰደች። በ2020 አባቷ ሞቱ። በ2021 ግንቦት ላይ፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ በዚህ ጊዜ ግራ ጉልበቷ ተበጠሰ። ወርቋን የመከላከል ዕድሉን እንኳ አላገኘችም። ተመልሳ ግን በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰች፣ በ2024 ኦል ኢንግላንድ የተባለውን ታዋቂ ውድድር አሸነፈች። ያ ፍጻሜ ራሱ በጉዳት ነው ያለቀው፤ የመጀመሪያው ጌም 26 ለ 24 ካለቀ በኋላ በሁለተኛው መሀል ያማጉቺ መቀጠል አልቻለችም።

ከዚያ ፓሪስ መጣ። በግማሽ ፍጻሜው ማሪን ሄ ቢንግጂያዎን የመጀመሪያውን ጌም 21 ለ 14 ረትታ በሁለተኛውም እየመራች ነበር። አንድ ኳስ አሳድዳ ስታርፍ ቀኝ ጉልበቷ ተጠመዘዘ። መደገፊያ አስራ ተመለሰች፤ ሁለት ነጥብ ሞከረች፤ አልሆነም። 10 ለ 8 ላይ እያለቀሰች ወጣች። ሄ በኋላ የብር ሜዳሊያዋን ለመቀበል መድረክ ላይ ስትወጣ የስፔንን አርማ የያዘች ትንሽ ፒን በእጇ ይዛ ነበር። እነዚህ ሴቶች ሜዳ ላይ እየተናከሱ ከሜዳ ውጪ ምን ያህል እንደሚከባበሩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በነገራችን ላይ ማሪንና ሲንዱ በ2023 ዴንማርክ ኦፕን ላይ በጩኸትና በንትርክ ምክንያት ሁለቱም ቢጫ ካርድ አይተዋል። ሁልጊዜ መተቃቀፍ ብቻ አይደለም።

214 ሳምንት አንደኛ

የታይዋኗ ታይ ዙ ዪንግ ለዚህ ትንታኔ አስቸጋሪ ናት። በድምሩ 214 ሳምንታት የዓለም አንደኛ ሆናለች። ኦል ኢንግላንድን ሦስት ጊዜ፣ የ2018 የእስያ ጨዋታዎችን ወርቅ ወስዳለች። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ግን የላትም። የኦሊምፒክ ወርቅም የላትም።

እንዴት? የደረጃው አሠራር አንዱን ክፍል ያስረዳል። የዓለም ደረጃ የሚሰላው በ52 ሳምንታት ውስጥ ከተገኙት ምርጥ 10 ውጤቶች ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ የሚያሸንፍን ሰው ይሸልማል፤ በአንድ ሳምንት የተደረገን ተአምር ብዙም አይቆጥርም። ሌላው የእሷ አጨዋወት ነው። ታይ እጇ ውስጥ ያለው ምት የት እንደሚሄድ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አይታወቅም። ተቃራኒዋ ወደ ቀኝ ስትሮጥ ኳሷ በግራ ትወርዳለች። ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ ስህተቱ ብዙ ነው። የራሷን ነጥብ ራሷ የምትሰጥበት ቀን ነበረ፤ ያ ቀን ደግሞ እየመረጠ ትልቅ ውድድር ላይ ይመጣባት ነበር። በቶኪዮ ፍጻሜ በቼን ዩፌይ 18 ለ 21፣ 21 ለ 19፣ 18 ለ 21 ተሸነፈች። በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ያማጉቺ 21 ለ 14፣ 21 ለ 11 አሸነፈቻት።

ለእይታ ከሆነ እኔ እሷን ነው የምመርጠው። ከአን ሴ ዮንግም በላይ። በፓሪስ ከምድቧ ሳታልፍ በታይላንዷ ራቻኖክ ኢንታኖን ተሸንፋ ስታለቅስ ታየች፤ ሰውነቷ ያኔ እየከዳት ነበር። በኅዳር 2025 ጫማዋን ስትሰቅል ከሜዳ ያስወጣት ጉዳቱ መሆኑን በራሷ አንደበት ተናግራለች።

ቻይና የት ሄደች?

ይሄን ሁሉ ስም ስንጠራ ስፔን፣ ህንድ፣ ጃፓን፣ ታይዋን፣ ኮሪያ እያልን ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በ1992 ባድሚንተን ኦሊምፒክ ሲገባ ወርቁን የኢንዶኔዥያዋ ሱሲ ሱሳንቲ፣ በ1996 የኮሪያዋ ባንግ ሱ ህዩን ወሰዱ። ከዚያ ከ2000 እስከ 2012 ያሉት አራት ወርቆች በሙሉ የቻይና ናቸው። ፉክክሩ በአንድ ቡድን ውስጥ ሆነ። ያ ደግሞ መዘዝ አለው። በሲድኒ 2000 የተጫወተችው ዬ ዣዎዪንግ በግማሽ ፍጻሜው ለአገሯ ልጅ ለጎንግ ዢቻዎ እንድትሸነፍ መታዘዟን ከብዙ ዓመታት በኋላ በአደባባይ ተናግራለች። በለንደን 2012 ደግሞ በሴቶች ጥንድ ከቻይና፣ ከኮሪያና ከኢንዶኔዥያ የመጡ ስምንት ተጫዋቾች በቀጣዩ ዙር የሚመቻቸውን ተጋጣሚ ለማግኘት ሆን ብለው ለመሸነፍ ሲሞክሩ ተይዘው ተባረሩ። ከተባረሩት አንዷ ግሬይሲያ ፖሊ በቶኪዮ ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ወርቅ አግኝታለች። እሷ ራሷን የቻለ ጽሑፍ ይገባታል።

ቻይና አሁንም ጠንካራ ናት። ግን በዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ነጠላ ወርቅ ካገኘች በኋላ፣ ማለትም ከ2011ዱ የዋንግ ዪሃን ድል ወዲህ፣ እስከ 2025 ድረስ አልተመለሰላትም።

አን እና ቼን

አሁን ወደ ዋናው ፉክክር እንምጣ። ብዙ ሰው የአንን ተቀናቃኝ ዋንግ ዢዪ ናት ይላል፤ ደረጃው እንደዚያ ስለሚያሳይ። እኔ ግን አንን የሠራቻት ቼን ዩፌይ ናት ባይ ነኝ።

አን በ2002 የተወለደች የግዋንግጁ ልጅ ናት። ገና 15 ዓመቷ ሳለ አዋቂዎቹን አሸንፋ ብሔራዊ ቡድን ገባች። በ2018 የእስያ ጨዋታዎች የመጀመሪያ ግጥሚያዋ ከቼን ጋር ነበር፤ ተሸንፋ ወጣች። ቶኪዮ ላይ በሩብ ፍጻሜ ዳግም ቼን፤ 18 ለ 21፣ 19 ለ 21። ያን ቀን ያለ እረፍት ተዘጋጅታ መምጣቷንና ያም እንዳልበቃ እያለቀሰች ተናገረች። ከቼን ጋር ያደረገቻቸውን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ግጥሚያዎች በሙሉ ተሸንፋለች። ሰባት! በስምንተኛው፣ በሐምሌ 2022 በማሌዥያ ማስተርስ ፍጻሜ፣ በመጨረሻ ቼንን አሸነፈቻት።

በነዚያ ዓመታት ምን ተለወጠ? ወጣቷ አን ሁሉን ኳስ ታነሳ ነበር፤ ግን ማንሳት ብቻ ነበር። ቼን ደግሞ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ትወዳለች። አትቸኩልም፣ ስህተት አትሠራም፣ የሚሮጠውን ሰው እስኪደክመው ታስሮጠዋለች። አን ልታሸንፋት የቻለችው ከመከላከል ወደ ማጥቃት የምትዞርበትን ቅጽበት ስታገኝ ነው። አሁን ስታያት ተኝታ ካነሳችው ኳስ ቀጥላ መረቡ ላይ ቆማ ታገኛታለህ። መከላከያዋ ራሱ ማጥቂያ ሆኗል።

በ2023 ውጤቱ ፈሰሰ። መጋቢት ላይ በኦል ኢንግላንድ ፍጻሜ ቼንን ረታች፤ ከ1996ቷ ባንግ ሱ ህዩን ወዲህ ለኮሪያ የመጀመሪያው ነበር። ነሐሴ ላይ የዓለም አንደኛ ሆነች። በዚያው ወር ኮፐንሃገን ላይ ማሪንን 21 ለ 12፣ 21 ለ 10 አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ከዚያ በጥቅምት የሃንግጁ የእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ መጣ። የቼን የትውልድ ከተማ፣ የቼን ደጋፊ፣ ተጋጣሚዋም ቼን።

በመጀመሪያው ጌም መጨረሻ አካባቢ የአን ቀኝ ጉልበት ተጎዳ። ጌሙን 21 ለ 18 ጨረሰችው። ሁለተኛውን 17 ለ 21 ተሸነፈች፤ በግልጽ እያነከሰች ነበር። ተመልካች መሀል የነበሩት እናቷ ይበቃሻል፣ አቋርጪ እያሉ ሲጮሁ እንደነበር በኋላ ተዘግቧል። አላቋረጠችም። ሦስተኛውን 21 ለ 8 ወሰደች። ብዙዎች ይሄን የጀግንነት ታሪክ አድርገው ያወሩታል። ጀግንነት ነው፤ ግን በዋጋ። የጉልበቷ ጅማት በከፊል ተቀዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት በሕመም ተጫወተች።

የዚህ ዋጋ ሂሳብ የተነገረው በፓሪስ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 2024 ሄ ቢንግጂያዎን 21 ለ 13፣ 21 ለ 16 ረትታ የኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘች በኋላ፣ ገና ሜዳሊያው አንገቷ ላይ እያለ፣ የአገሯን የባድሚንተን ማኅበር ወረደችበት። ጉዳቷ ከተባለው በላይ ከባድ እንደነበረ፣ ቡድኑ ግን አቅልሎ እንዳየው ተናገረች። በዚህ ሁኔታ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር መቀጠል እንደሚከብዳት ጨመረች። አገር ተንጫጫ። የስፖርት ሚኒስቴሩ ማኅበሩን መመርመር ጀመረ። የውይይቱ ርእስም ሰፋ፤ ተጫዋቾች የራሳቸውን ስፖንሰር የመያዝ መብት፣ የሚጫወቱበትን ጫማ የመምረጥ መብት ሁሉ ተነሳ። በጥር 2025 በተደረገው ምርጫ የነበሩት ፕሬዚዳንት ተሸነፉ፤ ቦታውን የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤቱ ኪም ዶንግ ሙን ያዘ።

አንዳንዶች ጊዜው አልነበረም ብለው ተችተዋታል። በወርቋ ቀን ደስታውን አበላሸች አሉ። እኔ አልስማማም። የሚሰማት ያን ቀን ብቻ ነበር። በሩብ ፍጻሜ ተሸንፋ ብትናገረው ኖሮ የተሸናፊ ሰበብ ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህስ?

በ2025 ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ አን ከቼን ጋር ተገናኘች። በዚህ ጊዜ የተጎዳችው ቼን ናት፤ ቁርጭምጭሚቷ ተጠመዘዘ። ቢሆንም 21 ለ 15፣ 21 ለ 17 አሸነፈች። የሃንግጁው ታሪክ ተገልብጦ መጣ። ያቺኑ እግር ይዛ ፍጻሜ ስትገባ ያማጉቺ ጠበቀቻት፤ 21 ለ 9፣ 21 ለ 13። ያማጉቺ ከ2021 እና ከ2022 በኋላ ሦስተኛ ወርቋን አገኘች፤ ከማሪንም ጋር እኩል ሆነች። ስለ ያማጉቺ ብዙ አይወራም። ቁመቷ 1.56 ሜትር ገደማ ነው፤ አትጮህም፤ ከጨዋታ በኋላ የምትናገረውም ጥቂት ነው። ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችን ሰው እንዲህ መዘንጋት ግን ያሳፍራል።

ዋንግ ዢዪን በተመለከተ፣ ስምንት ለዜሮ የሚለው ቁጥር ከእውነቱ በላይ ያስከፋል። የኦል ኢንግላንዱን ፍጻሜ እንውሰድ። የመጀመሪያውን ጌም 21 ለ 13 አሸንፋ ነበር፤ ቀጣዮቹን ሁለቱን 18 ለ 21 ተሸነፈች። በዓመቱ መጨረሻ በሃንግጁ የዓለም ቱር ፍጻሜም ሦስት ጌም ተጫውተዋል፤ 96 ደቂቃ ፈጅቷል። ዋንግ ትቀርባለች፣ ትቀርባለች፣ ከዚያ ትለቃለች። አን በፓሪስ ኦሊምፒክም ይሄንኑ ነው ያደረገችው። በሩብ ፍጻሜ ያማጉቺ የመጀመሪያውን ጌም 21 ለ 15 ወሰደችባት፤ በግማሽ ፍጻሜ ቱንጁንግ 21 ለ 11። ሁለቱም በሦስተኛው ጌም ተሸኙ። የአን ጨዋታ ጊዜ ይፈልጋል። ተቃራኒዋን አጥንታ፣ አስሩጣ፣ አድክማ ነው የምትበላት።

ለዚህ ነው የነጥብ አቆጣጠሩ ክርክር ለሴቶች ነጠላ ትልቅ ነገር የሆነው። እስከ 2006 ድረስ ሴቶች የሚጫወቱት እስከ 11 ሆኖ ነጥብ የምታገኘው ሰርቭ ያደረገችው፣ ማለትም ኳሷን ያስጀመረችው ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ 21 ሆነ፤ በእያንዳንዱ ልውውጥም ነጥብ አለ። እስከ 11 የሚሄድ አምስት ጌም ይሁን የሚል ሐሳብ በ2018ም በ2021ም ቀርቦ በቂ ድምፅ አላገኘም። በ2025 ደግሞ እስከ 15 የሚደርስ ሦስት ጌም በአንዳንድ ውድድሮች ተሞክሯል። ከደጋፊዎቹ መከራከሪያዎች አንዱ የተጫዋቾች ጤና ነው፤ ጨዋታው ሲያጥር ሰውነት ያርፋል ይላሉ። ልክ ነው። ግን 15 ማለት አን ተቃራኒዋን የምታጠናበትን ጊዜ መቁረጥም ነው። ቶሎ የሚነሱ፣ አጥቅተው የሚጨርሱ ተጫዋቾች ይጠቀማሉ። ታይ ዙ ዪንግ በ26 ዓመቷ እንዲህ ያለ ደንብ አግኝታ ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ አይከለከልም።

የጤናውን መከራከሪያ ግን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን ተጫዋቾች በትልልቆቹ የቱር ውድድሮች እንዲሳተፉ ያስገድዳል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ሱፐር 1000 የሚባሉ አራት፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉ ሱፐር 750 የሚባሉ ስድስት ውድድሮች አሉ። በላያቸው ላይ የዓመቱ መዝጊያ፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ የአህጉርና የቡድን ውድድሮች ይጨመራሉ። ሁሉም በአየር መንገድ መቀመጫ ላይ የሚታለፍ ሌሊት አላቸው። ጌሙን ማሳጠር ይሄን ዝርዝር አይነካውም። እንዲያውም ግጥሚያው ሲያጥር በአንድ ቀን ተጨማሪ ግጥሚያ፣ በአንድ ዓመት ተጨማሪ ውድድር ለማስገባት ይመቻል። የአን 77 ግጥሚያ በ15 ነጥብ ደንብ ወደ 60 ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ እኔ ወደ 90 ይወጣል ብዬ ብወራረድ ይሻለኛል።